ባለ ስድሳ ገጹ ታሪክና የተከደነው ጉድጓድ

ከኮምቦልቻ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ምናባዊ ዓለም ያለው የራሳችንን የቪዲዮ ጌም እየሠራን ነው። ዋና ገጸ ባሕርያችን ከቆላ ወደ ደጋ ጨው የምታመላልስ ልጅ ናት። የዓለሙን የኋላ ታሪክ እንድጽፍ የተመደብኩት እኔ ነኝ፤ በአራት ወር ስድሳ ገጽ ጻፍኩ። ዘጠኝ ነገሥታት፣ አራት ጦርነቶች፣ ዓለሙ እንዴት እንደተፈጠረ፣ ሁሉም አለበት። ጓደኞቼ ግን አሥር ገጽ እንኳ ሳያነቡ አስቀመጡት። ምን አጠፋሁ? ስንት ገጽ ይበቃል? የወሎን ተረትና ትውፊት ብጠቀምስ ነውር ይሆንብኛል? አንቱ በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆዩ ይምከሩኝ።»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ስድሳውን ገጽ እንዳትጥለው። ጓደኞችህም በስንፍና አላስቀመጡትም። ያነበቡት ነገር ነገ ጠዋት ኮምፒውተራቸው ላይ ሲቀመጡ ምን እንደሚሠሩ አልነገራቸውም። ሠዓሊው ሦስተኛው ንጉሥ ወንድሙን እንደገደለ ዐወቀ፤ በከተማው በር ላይ ምን እንደሚስል ግን አላወቀም። ኮድ የሚጽፈው ልጅ ጦርነቱ ሰባት ዓመት እንደፈጀ አነበበ፤ በዚያ ጦርነት የተነሣ ተጫዋቹ ዛሬ ምን እንደሚከለከል ግን አላገኘም።

እኔም ይህን የተማርኩት በራሴ ሲደርስ ነው። በመጀመሪያው ሥራዬ ዘጠና ገጽ ያህል ታሪክ ጽፌ ነበር። ለሙከራ የጠራናቸው ልጆች በመግቢያው ላይ የሚወርደውን ጽሑፍ በጣታቸው እየገፉ አለፉት። ከመካከላቸው አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መንደሩ መሐል ቆመና፣ «ይህ የውሃ ጉድጓድ ለምን በድንጋይ ተከደነ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ሠዓሊያችን የጉድጓዱን ውስጥ ለመሳል ጊዜ አጥሮት ነበር ድንጋይ የጫነበት። ልጁ ግን ድንጋዩን ለማንሣት ሩብ ሰዓት ታገለ። ዘጠና ገጽ ስጽፍ ያልነካሁት ቦታ ላይ አንድ ሰው ሊሰማ ፈልጎ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬን የምጀምረው ዛሬ ቆሞ ከሚታይ ነገር ነው። ተጫዋቹ በዓይኑ ስለሚያየው ነገር ማን ምን ይላል? ከማን ጋር ይጣላበታል? በዚያ ወሬ ምክንያት ዛሬ ምን ያደርጋል፣ ምንስ አያደርግም? እነዚህን የማይመልስ ታሪክ ለደራሲው ብቻ የተጻፈ ነው።

ሐይቅ ከተማ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ይህን ቀድሜ መረዳት ነበረብኝ። ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚነገረውን ሰምተህ ይሆናል። አንዲት ልዕልት በአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ግፍ ፈጸመች። እግዚአብሔር ተቆጣ፤ በሴቲቱ ዙሪያ ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ከነዘመዶቿና ከነባልንጀሮቿ ሰጠመች። ሴቲቱ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ተረፈ፤ ዛሬ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው እዚያ ላይ ነው። ቦታው ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብሱ ጋር ተያይዟል።

ይህን ተረት እንደ ባለሙያ ፍታው። ዓመተ ምሕረት የለውም። የንጉሥ ስም የለውም። ጦርነትም የለውም። ያለው አንድ የሚታይ ነገር፣ አንድ በደልና አንድ የተረፈ ቁራጭ መሬት ነው። አያቴ ይህን የምትነግረን የሐይቁን ዳር ይዘን ስንሄድ ነበር፤ ስትጨርስ በአገጯ ወደ ውሃው ታመለክትና «እታች ቤት አለ» ትለን ነበር። ከዚያ በኋላ ልብስ ሊያጥብ የወረደ ልጅ ሁሉ ውሃውን የሚያየው ጣሪያ ፈልጎ ነው። በዚያው መሬት ላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ፤ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገዳሙን የትምህርት ማዕከል ማድረጋቸው፣ ለገዳሙ ያሠሩት አራቱ ወንጌል እስከ ዛሬ መቆየቱ። በብራና የተጻፈውና በአፍ የሚነገረው ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንዱ አንዱን አያባርርም። የአንተ ዓለምም ሁለቱን ይፈልጋል።

እንግዲህ የእኔን የተከደነ ጉድጓድ መልሰን እንሥራው። ለሠዓሊው የምትሰጠው ይህ ነው፦ የጉድጓዱ አፍ ጠርዝ በገመድ ፍትጊያ ተበልቷል፣ ሦስት ቦይ ወጥቶለታል፤ የተጫነበት ድንጋይ ግን ከመንደሩ ድንጋይ የተለየ፣ ጥቁርና ያልተጠረበ ነው። ይህን ያየ ተጫዋች አንድም ቃል ሳያነብ ለብዙ ዘመን ውሃ ሲቀዳበት እንደነበር፣ ከዚያም በአንድ ቀን ከሩቅ በመጣ ድንጋይ እንደተዘጋ ዐወቀ። አሁን ሰዎቹን አምጣ። እንስራ አዝላ ከሩቅ ምንጭ የምትመጣ ሴት «ሕፃን ገብቶበት ነው የተዘጋው» ትላለች። የመንደሩ ሹም «ውሃው መረረ» ይላል። ከቆላ የመጣው የጨው ነጋዴ ደግሞ «የቆፈርነው እኛ ነን፤ በዋጋ ስንጣላ እንዳንጠጣ ከደኑት» ይላል። ሦስቱም ሲናገሩ ፊታቸው አይመሳሰልም። ድንጋዩን ለማንሣት አራት ሰው ያስፈልጋል፤ ልጅቷ ደግሞ ብቻዋን ናት። ማንን ታሳምናለች? ያሳመነቻቸው ሰዎች ድንጋዩ ሲነሣ ምን ያገኛሉ? ይህ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ለሠዓሊው የሚስለውን፣ ለፕሮግራመሩ የሚያሠራውን፣ ለተጫዋቹ የሚያሳስበውን ሰጥቷል።

«ስንት ገጽ ይበቃል?» ላልከኝ የእኔ ልማድ እንዲህ ነው። ለመላው ዓለም አንድ ገጽ፤ የማይለወጡት ነገሮች ብቻ የሚሰፍሩበት። ተጫዋቹ እግሩን ለሚያሳርፍበት ለእያንዳንዱ ቦታ ግማሽ ገጽ። በእጁ ለሚይዘው ዕቃ ሁለት መስመር፤ ከዚያ በላይ በስልክ ስክሪን ላይ የሚያነብ የለም። የቀረው ስድሳ ገጽህ ጎተራ ይሁን፤ ስትቸገር ትጨልፍበታለህ፣ ሙሉውን ግን ለእንግዳ አታቀርብም። ከዚህ ጋር አንድ መዝገብ ክፈት፤ ተራ ሠንጠረዥ ይበቃል። በአንዱ ዓምድ የተባለው ነገር፣ በሁለተኛው የተናገረው ሰው፣ በሦስተኛው እውነት ወይም ውሸት መሆኑ፣ በአራተኛው በጨዋታው ውስጥ የሚገኝበት ቦታ። ሦስት ሆናችሁ ስትሠሩ የትኛው ንጉሥ የማን አጎት እንደነበር መጣላታችሁ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የሚዳኛችሁ መዝገቡ ነው።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልግባ። ትውፊት ሕይወት የሚኖረው ሁለት አፍ ሲኖረው ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥተህ በደሴና በሐይቅ አድርገህ ወደ ወልድያ ስትሄድ ውጫሌን ታገኛለህ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በዚያች ከተማ ስም ይጠራል። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መጻጻፍ እንደሚችሉ ይናገራል። የኢጣሊያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አድርጎታል፤ ኢጣሊያም በዚያ ተመርኩዛ ኢትዮጵያን በጥበቃዬ ሥር ናት አለች። ጉዳዩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ አለቀ። አንድ ወረቀት፣ ሁለት ቋንቋ፣ አንድ ግሥ! ከአራቱ ጦርነቶችህ ሦስቱን ሰርዘህ አንዱን በዚህ መንገድ ብትሠራው እመክርሃለሁ። ልጅቷ የደጋውንና የቆላውን ስምምነት በሁለት ብራና ላይ ታግኘው፤ አንዱን በመጀመሪያው ሰዓት፣ ሁለተኛውን በአሥረኛው። ልዩነቱን አንተ አትንገራት፤ ተጫዋቹ ራሱ ጎን ለጎን ዘርግቶ ያንብበው።

የቆላና የደጋ ነገር ከተነሣ ዘንድ፦ ጓደኛህ ለቆላው ሕዝብ «ከተፈጥሯቸው ክፉ የሆኑ» የሚል መግለጫ እንደሰጠ ከደብዳቤህ ጋር ባያያዝከው ገጽ ላይ አይቻለሁ። ይህን አውጡት። በሌላ አገር የተለመደ ሊሆን ይችላል፤ ወሎ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ግን የገዛ ቤትን አለማወቅ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ወንድም መሐመድ፣ ወንድም ገብረ ማርያም በሚባልበት አገር፣ ሰኞ ሰኞ አፋሩና ኦሮሞው አማራውም ባቲ ገበያ ላይ በሚገናኙበት አገር፣ ሰው በትውልዱ ክፉ ነው የሚለው ነገር እንደ ታሪክም ደካማ ነው። ተጫዋቹን ማሰብ ያስቆመዋል። የሚጣሉበት ምክንያት ስጣቸው፤ ውሃ፣ ሚዛን፣ የግጦሽ መሬት፣ ያልተከፈለ ካሳ።

በወሎ ሰርግ ላይ ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ እንግዳ ለየብቻ ታርዶ ለየብቻ ይሠራል። እናቶቹ ግን ሽንኩርቱን አብረው ነው የሚከትፉት። ይህን በጨዋታህ ውስጥ በጽሑፍ ማስረዳት አያስፈልግህም። አንድ ሰርግ ቤት ሁለት ድስት ጎን ለጎን ጣድ፤ ማማሰያዎቹን በተለያየ ቀለም ክር እሰርባቸው። ልጅቷ የአንዱን ማማሰያ ከሌላው ብታደባልቅ ሴቶቹ በድንጋጤ ይነሡ። ከዚያ ቅጽበት በኋላ ሁለት ሕዝብ ተከባብሮ እንዴት እንደሚኖር ለተጫዋቹ ማስተማር አያሻህም።

የዘመን አቆጣጠርም እንዲሁ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ እየተባለ ይቆጠራል፤ በጎረቤት ጨረቃን ተከትሎ ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይመጣል። በ33 ዓመት ገደማ ዞሮ ወደ ነበረበት ወቅት ይደርሳል። ለሁለቱ ሕዝቦችህ ሁለት እንዲህ ያሉ ቆጠራዎች ስጣቸውና የአንዱ ታላቅ ጾም ከሌላው ታላቅ በዓል ጋር የሚገጥምበትን ዓመት የጨዋታው ዓመት አድርገው። ያለፈውን እንዲህ ያለ ዓመት ጎልማሳ ሆነው ያዩት አሁን ሽማግሌዎች ናቸው፤ ያኔ የሆነውን የሚያስታውሱት እነርሱ ብቻ ናቸው።

ታሪኩን በማን አፍ እናሰማው? መጻሕፍት በየመደርደሪያው አስቀምጦ ተጫዋቹን አንብብ ማለት ቀላሉ መንገድ ነው፤ እኔ ግን አልወደውም። ለአንተ ጨዋታ የማስበው ቡና ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስት ስኒ፣ ሦስት የወሬ ደረጃ። አቦልን ጠጥቶ የሚነሣ እንግዳ ለእንግዳ የሚነገረውን ይሰማል፦ ሹሙ ደግ ነው፣ ዝናቡ ጥሩ ነበር፣ ጉድጓዱ መርሮ ተዘጋ። ቶና ላይ ቅሬታ ይወጣል። ዕጣኑ ሊያልቅ ሲል፣ በረካ ሲቀዳ፣ ምርቃት ከመደረጉ በፊት፣ አሮጊቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ዋናውን ትናገራለች። ይህ ግን በነፃ መሆን የለበትም። ግመሎቹ የቆላውን መንገድ ጨርሰዋል፤ አሞሌው ወደ በቅሎ ተዛውሮ ውጭ ቆሟል፤ የደጋ ጭጋግ እየወረደ ነው፤ ጨው እርጥበት ሲነካው ይሟሟል። እያንዳንዱ ስኒ ከጭነቷ ላይ ያጎድላል። ተጫዋቹ እውነቱን ለመስማት በጨው ይከፍላል። ለችኩል ተጫዋች ጨዋታው አይዘጋበትም፤ ያልተሟላ ታሪክ ይዞ ይሄዳል እንጂ። ሁለት ጓደኛሞች ጨርሰው ሲገናኙ አንዱ የሰማውን ሌላው አለመስማቱን ያውቃሉ፤ መከራከር የሚጀምሩት ያኔ ነው።

ትንቢት እንዳለበት ጽፈሃል። አንተ የጻፍከው ትንቢት «ከቆላ የምትመጣ ልጅ በሩን ትከፍታለች» ይላል። ይህ ማስታወቂያ ነው። የሼህ ሁሴን ጅብሪል የትንቢት ግጥሞች በወሎ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፉ እስካሁን የኖሩት እያንዳንዱ ትውልድ የራሱን ዘመን ስለሚያገኝባቸው ነው። አማርኛ ለዚህ የታደለ ቋንቋ ነው፤ ሰምና ወርቅ አለህ። ለጨዋታህ የሚሆን ይህን ሞክሬልሃለሁ፦

የደጋው ትልቅ በር ተዘግቶ ቢኖርም፣
ጨዋ የመጣ ዕለት ተዘግቶ አያድርም።

«ጨዋ» ላልቶ ሲነበብ የጨዋ ልጅ፣ የተከበረ ዘር ነው። መኳንንቱ እንዲህ ስለሚያነቡት ለስንት ዓመት ልጆቻቸውን አልብሰው ወደ በሩ ሲልኩ ኖረዋል፤ በሩ ሥር የእነዚያ ልጆች ድንኳን፣ የተረሳ ካባ፣ የዛገ ልጓም ይታይ። «ዋ» ጠብቆ ሲነበብ ግን የእርሷ ጨው ነው። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ በጽሑፍ ሁለቱ አይለዩም። ስለዚህ ይህን ግጥም በድምፅ እንዳታስቀርጸው! አንባቢው ባነበበበት ቅጽበት ምሥጢሩ ይወጣል። በሩ ላይ ተቀርጾ ብቻ ይታይ፤ ጠብቆ የሚነበበውን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያሰማው የልጅቷ እናት ወይም ሌላ የምታምነው ሰው ይሁን፣ ያውም ወደ መጨረሻው።

ስለ ዕቃ አጭር ነገር ልበልህ። መቅደላ አምባ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል እስካሁን ተቀምጧል። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይደርሳል ይባላል፤ ጋፋት ላይ ተሠርቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ነው እዚያ ድረስ የወጣው። አጠገቡ የቆመ ሰው ቁልቁለቱን አይቶ «ይህን እንዴት አወጡት?» ይላል፤ የንጉሡን ምኞት ያኔ ተረዳው ማለት ነው። በጨዋታህ ያሉት አሥራ ሁለት ሰይፎች ሁሉ ስምና የኃይል ቁጥር አላቸው፤ አንዳቸውም ክብደት የላቸውም። አንዱን ከባድ አድርገው፤ ይዛው የምትጓዝ ልጅ ጨው መያዝ እንዳትችል።

ወደ ነውሩ ጥያቄ ስመጣ፣ መጠንቀቅህ ደስ ብሎኛል። የተቀደሰውን ነገር በስሙ አታንሣው። ግሸን ማርያም በየዓመቱ መስከረም 21 ሰው በእግሩ ተጉዞ የሚሳለምባት ቦታ ናት፤ በዚያ ያለው ግማደ መስቀል በጨዋታ ውስጥ ተዘርፎ ኃይል የሚጨምር ዕቃ ሊሆን አይገባም። ጃማ ንጉሥ በሚባለው የወሎ ቦታ የሚከበረው የመውሊድ ሥርዓትም የተልዕኮ ማስጌጫ አይደለም። የተረቱን ቅርጽ ግን መውሰድ ትችላለህ። ላሊበላ ሲወለድ ንቦች ከበቡት፣ ስሙም ንቦች ንግሥናውን ዐወቁ ማለት ነው ይባላል፤ ከዚህ የምትወስደው «ሰው ሳያውቅ ፍጥረት ቀድሞ ያውቃል» የሚለውን ነው። ፍጥረቱን፣ ቦታውን፣ ስሙን አንተ ትፈጥራለህ። በተለይ በሰው ቁስል ላይ ያለ ታሪክ አትንካ። ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙት ላሊበሎች ሥራውን ከተዉ ደዌ ይይዛቸዋል የሚለው እምነት ለደራሲ የሚያጓጓ ነው፤ ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ዛሬም አሉ፣ በዚያ ወሬም ተገልለውበታል። «ካቆምኩ ይህ ይደርስብኛል» የሚለውን ፍርሃት ለራስህ ገጸ ባሕርይ በራስህ ምክንያት ስጠው።

ጽፈህ ስትጨርስ ለሚያውቅ ሰው አንብብለት። እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐይቁ ተረት ቅርጽ የተሠራ ታሪክ ይዤ አያቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ስሞቹን ቀይሬ፣ ሐይቁን የአሸዋ ባሕር አድርጌ፣ ሴቲቱን በተረፈችው ጉብታ ላይ ሐውልት አድርጌ አቁሜያታለሁ። አያቴ ጥጧን እየፈተለች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። እንዝርቷን አስቀመጠችና «ልጁስ?» አለችኝ።

«የቱ ልጅ?» አልኳት።

«ሴትየዋ ነፍሰ ጡር አልነበረችም እንዴ?»

ያን ተረት ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ስለ ልጁ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። በማግስቱ ሐውልቱን አነሣነው። በአሸዋው ባሕር ዳር ሰው የሚያሻግር አንድ ሽማግሌ አስቀመጥን፤ ከተሻጋሪዎቹ ሁሉ ክፍያ ይቀበላል፣ ከነፍሰ ጡር ሴት ግን አይቀበልም፤ ለምን እንደሆነም ለማንም አይናገርም።